ሐዋርያውን የጠቀሰችው እናቴ

በሰባት ዓመቴ የገዛ እናቴን ለአሥራ አንድ ቀን ሰልያታለሁ። የምሰልለው ዓይኖቿን ነበር፤ በተለይ የግራውን። ሰው ሲጠቅስ የሚዘጋው ግራውን ነው ብላ የነገረችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። በሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ የማታውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

«መጥቀስ» ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከግቢያችን ፊት ለፊት ባለው ዳቦ ቤት የሚሠራውን ጎረምሳ አንዲት ልጃገረድ ጠቀሰችው ተብሎ ሰፈሩ ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እናቷ ጮኸች፣ አጎቷ ከሌላ ከተማ ተጠርቶ መጣ፣ ልጅቷም ከደጅ እንዳትወጣ ተከለከለች። እንግዲህ አንዱን ዓይን ከፍቶ ሌላውን መዝጋት ቤት የሚያፈርስ ነገር መሆኑ ገብቶኛል ማለት ነው። ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም የማምን አይመስለኝም።

እናቴ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ መጠረዣ ክፍል። ከማሽኑ የሚወጣውን ትልልቅ ሉህ ታጥፋለች፣ እጥፉን በለስላሳ አጥንት ትጫነዋለች፣ ከዚያ በሰም ባሸችው ክር አንዱን እጥፍ ከሌላው ጋር ትሰፋለች። ትምህርት ቤቴ ግማሽ ቀን ስለነበር ከሰዓት በኋላ የወረቀት ቁልል ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ስምንት ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ነው የሚሠሩት፤ ወደ ማታ ላይ ጫማቸው አልወልቅ ይላቸዋል።

ከመጠረዣው ክፍል ቀጥሎ፣ ከስስ የጣውላ ግድግዳ ወዲያ፣ አራሚው ነበሩ። ከአንባቢያቸው ጋር ሁለት ናቸው። አንዲት ድምፀ ጎርናና ሴት ከዋናው ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ አራሚው ደግሞ አዲስ የታተመውን ሉህ በእርሳስ ጫፍ እየተከተሉ ያያሉ። አንድም ነገር እንዳይዘለል ሥርዓተ ነጥቡ ሁሉ ይነበባል። ማተሚያ ቤቱ ከዓመት ዓመት በብዛት የሚያትመው ቅዱሱን መጽሐፍ ስለነበር፣ በዚያ ግድግዳ በኩል ለአሥራ ሁለት ዓመት ሲፈስ የኖረው ድምፅ ይኸው ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እሷ ልጅ ሳለች ታናናሾቿን ስታሳድግ ትምህርት ቤቱ አለፋት። ጆሮዋ ግን የሰማውን አይለቅም። ከግድግዳው ወዲያ የተነበበው ሁሉ፣ እጇ ሲሰፋ፣ ልቧ ውስጥ ተሰፍቶ ቀርቷል። የቀረውም ከነሙሉ ትጥቁ ነው። ስታስተኛኝ ስለጠፋችው በግ ትነግረኛለች፤ «አንድ ሰው መቶ በጎች ነበሩት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አንዲቱ ጠፋችበት፣ ድርብ ሰረዝ» ትላለች። ነጠላ ሰረዝ የእረኛው ስም ይመስለኝ ነበር። ድርብ ሰረዝ ደግሞ ውሻው። እስከ አሥር ዓመቴ ድረስ አራት ነጥብ ማለት «አሜን» ማለት እንደሆነ አምን ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በጣም የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት እነዚያ ሴቶች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ሳፋ ይቀርባል፣ ለብ ያለ ውሃ ይገባበታል፣ ጫማ ይወልቃል፣ አንዷ የሌላዋን እግር ታጥባለች። ሲሚንቶ ያሳበጠው እግር ውሃ ሲነካው ሴቶቹ ሲያቃስቱ እስቃለሁ። ከዚያ ዳቦ ይቆረሳል። ከዚያ «ማን ታመመ? ማን ታሰረ? ማን ባሏ ሞተባት?» ይባልና ለማን ማን እንደሚሄድ ይከፋፈላሉ፤ ወደ ታመመ ሰው የምትሄደው ዘይት ይዛ ነው፣ ቀብታ ትጸልይለታለች። በመጨረሻ እናቴ ትነግራቸዋለች። ትነግራቸዋለች ስል፣ አሁን ሳስበው፣ ታስተምራቸው ነበር። ያኔ ተረት የምታወራ ነበር የሚመስለኝ።

ይህ ቅዳሜ ነው ጸሐፊውን ያስቆጣው። ጸሐፊው የጸሎት ቤታችን ጸሐፊ ነው፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ትምህርቱን ጨርሶ በቅርብ የመጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስል ዛሬ ላይ ሆኜ ነው፣ ያኔማ ከዳቦ ቤቱ ጎረምሳ ጋር አንድ ላይ እጠላው ነበር። የሱ ሐሳብ ቀላል ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሥር የሌለው ልማድ ሁሉ ይነቀል። ማንበብ የማትችል ሴት ሰው ሰብስባ የምታስተምረው ከየት አምጥታ ነው? የሳፋው ሥር የት ነው? የዘይቱስ? እኔ እስከገባኝ ድረስ ግን ሰውየው የሚቆጣው በሳፋችን ነበር። ሳፋው ትንሽ ተሰንጥቆ ስለነበር አልፈረድኩበትም።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ረቡዕ ነው። ቧንቧው ጋ ሁለት ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፤ አንደኛዋ ሰፈሩ «ራዲዮ» የሚላት ጎረቤታችን ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ አትዘጋም። እኔ ከግንቡ ጀርባ ጠጠር እቆጥራለሁ።

«ሰማሽልኝ የመጠረዣዋን ነገር?» አለች ራዲዮ። «ጸሐፊው ሊያስቆማት ቢመጣ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ ሐዋርያውን አትጠቅስም!»

«እሷ? ያቺ ዝምተኛ?»

«ዓይኗን በጨው አጥባ ነዋ! አንዴ እንዳይመስልሽ፣ ሦስት ጊዜ ነው የጠቀሰችው። ጸሐፊው ፊቱ በርበሬ መሰለ። በቃ ከመጪው እሁድ በኋላ ባለው እሁድ ሽማግሌዎች ይቀመጡባታል። ትለይ ነው የሚለው።»

«ወይ ጉድ! ትለይ? ባሏስ ምን አለ?»

«ባሏማ ይስቃል አሉ።»

ጠጠሮቹ ከእጄ ረገፉ። ሐዋርያውን አውቀዋለሁ። ለማተሚያ ቤቱ ወረቀት የሚያመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ግዙፍ፣ ጢማም፣ ከከተማ ከተማ ስለሚዞርና ለደረሰበት ሰው ሁሉ ምክር ስለሚያድል ነው ይህን ስም ያወጡለት። ለእኔ ከረሜላ ያመጣልኛል። እናቴ እሱን ጠቀሰች። ሦስት ጊዜ። ጸሐፊው እያየ። አሁን ደግሞ ከአባቴ ልትለይ ነው። ምስኪኑ አባቴም እንዳያለቅስ ብሎ ይስቃል።

እናቴ ለጸሐፊው የጠቀሰችለት ሌላውን ሐዋርያ ነበር፤ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መልእክት የጻፈውን። ስለ አንዲት መበለት መልካም ሥራ ሲዘረዝር የቅዱሳንን እግር ማጠቧንም የቆጠረበትን ቦታ ነው ያነበነበችለት። መለየት ማለትም ከጸሎት ቤቱ ማኅበር መወገድ እንጂ ፍቺ አልነበረም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን ኋላ ነው። የዚያን ረቡዕ የማውቀው ቤታችን ሊፈርስ አሥራ አንድ ቀን እንደቀረው ብቻ ነበር።

ሥራዬን በጨው ጀመርኩ። ዓይኗን የምታጥበው በጨው ከሆነ ጨው ማሳጣት ነው። ጣሳውን ከመደርደሪያ አውርጄ ልብሴ ሥር ደበቅኩት። የዚያን ቀን ራት ላይ አባቴ አንድ ጊዜ ጎረሰና ቀና አለ።

«ጨው ረሳሽ እንዴ ዛሬ?»

«ጣሳው የት እንደገባ እንጃልኝ። እግር አውጥቶ ሄደ መሰለኝ» አለች እናቴ።

አየኋት። ቀልድ እየቀለደች ነው። ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቶ እንዴት ይቀልዳል? አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሰው ጓሮ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ የሚውል፣ ለእኛ ሲል። አልጫውን ሳያጉረመርም በላ። በሦስተኛው ቀን እናቴ አዲስ ጨው ገዝታ መጣች፤ ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ።

ማክሰኞ ሐዋርያው ወረቀት ይዞ መጣ። እኔ ቁልሌ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጥቅሉን ከትከሻው ሲጥለው ብናኙ ቦለቅ አለ፣ እናቴም ዓይኗን ጭፍን፣ ክፍት፣ ጭፍን አደረገች። የግራውን! ዘልዬ መሀላቸው ገባሁና ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች ዓይኗን በጉርዷ እያሸች። «ብናኝ ገባብኝ፣ እስቲ እፍ በይልኝ።»

ብናኝ ትላለች! ሐዋርያው ግን ምንም ሳያፍር ከረሜላ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ ስምንቱም ሴቶች እየሰሙ፣ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ «እትዬ፣ እሁድ እንዳትፈሪ። እኔም እመጣለሁ። በደንብ አድርገሽ ጥቀሺያቸው!» አላት።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። እኔ ስምንቱንም አንድ በአንድ አየኋቸውና ሁሉም አብረው ጠፍተዋል ብዬ ደመደምኩ።

እሁድ ጠዋት እናቴ በር ላይ አስቀምጣ ፀጉሬን ታበጥረኝ ጀመር። የምትለብሰውን ልብስ ተኩሳ ሰቅላዋለች። አባቴ ጫማውን እየጠረገ በአፉ ያፏጫል። ከአሁን ሌላ ጊዜ እንደማላገኝ ገባኝ።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«ዛሬ እዚያ… እንዳትጠቅሺ።»

ማበጠሪያው ፀጉሬ ውስጥ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«እንዳትጠቅሺ። ሰው ፊት። በሞቴ።»

እኔ ፊቷን ማየት አልቻልኩም፣ ከኋላዬ ነበረች። ማበጠሪያውን ከፀጉሬ አወጣችው።

«ሰዎች ይስቁብኛል ብለሽ ነው?»

«አዎ» አልኩ። እሱም አለበት።

«ማንበብ ስለማልችል… ታፍሪብኛለሽ?»

የመጀመሪያውን ክፍል አልሰማሁትም ማለት እችላለሁ፤ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ማንበብ ከመጥቀስ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም። የሰማሁት «ታፍሪብኛለሽ?» የሚለውን ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። በሕይወቴ ሰውን በጭንቅላት ንቅናቄ እንዲህ ወግቼ አላውቅም።

«እሺ» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ። «አንቺ ራስሽ ጥቀሺ እስክትይኝ ድረስ አልጠቅስም። ቃሌ ነው።» ከዚያ ፀጉሬን ጨርሳ ጎነጎነችልኝ። ሳታጠብቅ፣ ሳታሳምም።

የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ረጅም አግዳሚ ወንበሮች ያሉት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። የዚያን ቀን መቀመጫ ጠፍቶ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። ራዲዮ ከፊት ነው የተቀመጠችው። ሐዋርያው ከኋላ ግድግዳውን ሞልቶ ቆሟል። አራሚው በወፍራም መነጽራቸው አንድ ጥግ ይዘዋል። ከጠረጴዛው ወዲያ አምስት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፤ ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ናቸው፣ ዛሬም ባቡር የሚያመልጣቸው ይመስል በየደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ። ጸሐፊው ጎናቸው መጽሐፉን፣ ወረቀትና እርሳሱን ይዞ ተቀምጧል። እናቴ ብቻዋን መሀል ቆመች። እኔና አባቴ ከፊት ረድፍ ነበርን።

«እህቴ» አለ ጸሐፊው፣ ትሕትና ባለው ድምፅ። «ማንም ሊያዋርድሽ አልመጣም። የምትሠሪውና የምታስተምሪው ሥሩ በመጽሐፉ ካለ እሰየው። ከሌለ ግን ቅዳሜው ይዘጋል፣ አንቺም ከማኅበሩ ትለያለሽ። መጀመሪያ ስለ እግር ማጠቡ። የት ተጻፈ? ጥቀሺልን።»

ዘልዬ ልቆም ነበር። ጸሐፊው ራሱ! ጥቀሺልን!

እናቴ አፏን ከፈተች። ከዚያ አየችኝ። አፏን መልሳ ገጠመች።

ጸሐፊው ትንሽ ጠብቆ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። «አልመለሰችም። እሺ፣ ለታመመ ሰው ዘይት ቀብታችሁ መጸለያችሁስ?»

ዝም።

«ቤት ውስጥ ተሰብስቦ እንጀራ መቁረሱስ ከየት መጣ?»

ዝም። እርሳሱ ሲጫር ይሰማል። ከኋላችን አንዷ የመጠረዣ ሴት ትንሰቀሰቅ ጀመር። ራዲዮ እንኳን ዝም አለች፤ ሰፈሩ ያን ቀን ብቻ ነው ዝምታዋን የሰማው። እኔ ግን ኮራሁ። እናቴ ቃሏን ጠብቃ ዓይኖቿን እኩል ከፍታ፣ ሳትርገበገብ ቆማለች። እንዲህ ያለች ጨዋ ሴት ማን ይፈታል አልኩ።

«ቅዳሜው እንግዲህ…» ብሎ ጀመረ ጸሐፊው።

ያን ጊዜ አባቴ ብድግ አለ። ሰው ፊት ተናግሮ የማያውቀው አባቴ። «ኧረ ጥቀሺ!» አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ምን ነካሽ? ስንት ዓመት ስትጠቅሺ አልኖርሽም እንዴ? ጥቀሺያቸው እንጂ!»

ሰብሳቢው ሽማግሌም ሰዓታቸውን ትተው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ እኛው ራሳችን እንለምንሽ። አንዴ ብትጠቅሺ ይበቃናል።»

እናቴ አሁንም የምታየው እኔን ነው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ግን አይወርድም። የዚያ ዓይነት ዓይን ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ ሰው የገዛ ቤቱ ሲቃጠል ቁልፉ በልጁ እጅ መሆኑን ሲያይ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ ፈቅዷል። ሽማግሌዎቹም ፈቅደዋል። የሚጠበቀው እኔ ነኝ።

የአባቴን ኮት ጎተትኩ። «አባዬ፣ አንተ እያለህ ትጥቀስ?»

«አዎ!»

«ሰው ሁሉ እያየ?»

«ሰው ሁሉ እየሰማ!»

«አንተ… አትከፋም?»

«ልጄ፣ አንድ ቃል ብትጠቅስ በደስታ እሞታለሁ!»

ወንበሩ ላይ ወጣሁና ባለ በሌለ ድምፄ «በቃ እማዬ፣ ጥቀሺ! አባዬም አይከፋውም! የፈለግሽውን ጥቀሺ!» ብዬ ጮኽኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እናቴ አልሳቀችም። ሁለት ዓይኖቿን ጨፈነች። ሁለቱንም! እኔ አንዱ እስኪከፈት ስጠብቅ የተከፈተው አፏ ነው።

ጀመረች። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ማዕድ ላይ ሳለ መነሣቱን፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ልብሱን ማኖሩን፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ፎጣ አንስቶ መታጠቁን፣ ድርብ ሰረዝ፣ ውሃ በሳህን አድርጎ የተማሪዎቹን እግር ማጠቡን፣ አንደኛው እንቢ ማለቱን፣ እሱም ምን ብሎ እንደመለሰለት፣ በመጨረሻም እናንተም እርስ በርሳችሁ እንዲሁ አድርጉ ማለቱን፣ አራት ነጥብ። ድምፅዋ የሷ አልነበረም። ከግድግዳው ወዲያ የምትሰማው የአንባቢዋ ድምፅ ነበር፤ ሳይቸኩል፣ ሳያዛንፍ፣ እንደ ክር አንድ መስመር ይዞ የሚሄድ። ጸሐፊው በጥድፊያ ገጹን ገልጦ በጣቱ ይከታተላት ጀመር። በድንገት ጣቱ ቆመ።

«ቆይ! እዚህ ላይ ስተሻል» አለ። «ፎጣ አንስቶ ታጠቀ አልሽ። የእኔ ‹ፎጣ አንስቶ ታጠበ› ነው የሚለው። ታጠበ። ይኸው፣ ለሚያነብ ሰው።»

ለሚያነብ ሰው! ሴቶቹ አጉረመረሙ። እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ወንድሜ፣ በፎጣ ማን ይታጠባል? ሰው ፎጣ ይታጠቃል፣ በፎጣ ገላውን ያደርቃል እንጂ።»

ሳቅ ተነሣ። ጸሐፊው ቀላ፣ ግን አልተሸነፈም። «ይህ የኛ ግምት ነው። የተጻፈው የተጻፈ ነው።»

«እስቲ መሀሉን ይግለጡት» አለች እናቴ። «የእጥፉን መሀል፣ ክሩ የሚታይበትን። ክሩ ምን ዓይነት ነው?»

ጸሐፊው ግራ እየገባው ገለጠ። «ግራጫ።»

«እሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲቆም አላየሁም። «ነጩ ክር ያለቀብን ሳምንት ሦስት መቶውን በግራጫ ሰፋን። በማግስቱ አንድ ፊደል ስታለች ተብሎ ያ ሉህ ተመልሶ ታተመ፤ ግራጫዎቹ ግን ቀድመው ወጥተው ነበር። በነጭ ክር የተሰፉትን ይመልከቱ፣ ‹ታጠቀ› ነው የሚሉት።»

በአዳራሹ ሁሉ መጽሐፍ ሲገለጥ የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «ነጭ! ታጠቀ!» አለ አንዱ። «የእኔም ነጭ፣ ታጠቀ!» «የእኔም!» ከጥጉ አራሚው ተነሡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስህተቱ የኔ ነው» አሉ። «‹በ› እና ‹ቀ› ተምታተውብኝ አለፉኝ። ሠላሳ ዓመት ሳርም ይህን መጽሐፍ ከነሰረዙ የያዘ ሰው አላጋጠመኝም። ክቡራን ሽማግሌዎች፣ እናንተ ያቆማችሁት ፊደል የማታውቅ ሴት አይደለም። ከማተሚያ ቤታችን የወጣ ስህተት የሌለበት ብቸኛው ቅጂ እሷ ናት።»

ጸሐፊው መጽሐፉን ትኩር ብሎ አየ። ሁላችንም ምን እንደሚያደርግ ጠበቅን። እርሳሱን አነሣ፣ «በ»ን ሰረዘ፣ ከላይዋ «ቀ» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ ቆሞ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያ ጀምሮ ጮክ ብሎ አነበበው። ጨርሶ ሊቀመጥ ሲል ወደ እናቴ ዞረና «አራት ነጥብ» አላት።

ያን ጊዜ የቆርቆሮው ጣሪያ የሚነቀል እስኪመስል ተጨበጨበ። ሐዋርያው በሁለት እጁ ግድግዳውን ይደበድባል። ራዲዮ «ዱሮም እኮ ብያለሁ!» እያለች ለማንም ትናገራለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ምርመራ አልነበረም። ጸሐፊው ይጠይቃል፣ ለማወቅ፤ እሷ ትመልሳለች። ለታመመ ሽማግሌዎች ጠርታችሁ ዘይት ቀቡ የሚለውን። በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ተሰብስበው እንጀራ የቆረሱበትን ሰገነት። ታስሬ ጠየቃችሁኝ የተባለበትን። በመጨረሻ ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሴት ስታስተምርስ?» አላት።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከባሏ ጋር ድንኳን ትሰፋ ስለነበረችው ሴት ነገረችው፤ አንድ ንግግር አዋቂ የተማረ ሰው መንገዱን አጉድሎ ሲያስተምር ሰምተው፣ ባልና ሚስቱ ወደ ቤታቸው ወስደው ይበልጥ ገልጠው እንዳስረዱት። «እሷም ሰፊ ነበረች» አለች። «እሱም ክፉ አልነበረም። ጎደለው እንጂ።» ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ፣ መጀመሪያ የጻፋቸውን ሦስት «አልመለሰችም» አንድ በአንድ ሰረዘ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ተነሡ። ሰዓታቸውን ሳያዩ አንድ ሰዓት ከሩብ ማለፉን ኋላ ነው የሰማነው። «ቅዳሜው አይዘጋም» አሉ። «ይልቅ የዚያ ቤት በር እንዲሰፋ ነው የምንጸልየው፤ እኛም እግር አለን።»

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ሴቶቹ ከበውን መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ። መኪኖች ጡሩንባ ይነፋሉ፣ አንለቅም። «ቆይ ግን አንቺ» አለ አባቴ ወደ ላይ እያየኝ፣ «‹አትከፋም ወይ› ያልሽኝ ምን አስበሽ ነው?» ጎንበስ ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ስለ ሐዋርያው፣ ስለ ጨው፣ ስለ ግራ ዓይን። አባቴ መራመድ አቅቶት አወረደኝ። ለእናቴ ሲነግራት እሷ ከነተተኮሰ ልብሷ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመና ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችኝ። «በኔ አላፈርሽም ነበራ» አለች። «አላፈርሽብኝም።»

የዚያ ቀን ደስታዋ ከሽማግሌዎቹ ፍርድ ይልቅ ከዚህ እንደመጣ የገባኝ እኔም ልጅ ካሳደግኩ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ጠየቅኋት። አሁን አርጅታለች፣ ቅዳሜዋ ግን አልተቋረጠም፤ አሁን ከሰባት በላይ በሆኑ ቤቶች ይካሄዳል። «እውነቱን ንገሪኝ እማዬ» አልኳት። «እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ባልጮህ ኖሮ፣ ዝም ብለሽ ትወጪ ነበር?»

«ዝም እል ነበር።»

«አንድ የማይረባ የልጅ ቃል ብለሽ? ቅዳሜሽ ተዘግቶ? ከማኅበሩ ተለይተሽ?»

እንደማይገባው ተማሪ አየችኝ።

«ቅዳሜውንማ እሱ ፈጣሪ ሌላ ቦታ ይከፍተዋል። ላንቺ የሰጠሁትን ቃል ያን ቀን ብበላ ግን፣ እግዚአብሔር ቃሉን ይጠብቃል ብዬ ማታ ሳስተኛሽ በምን ታምኚኝ ነበር?»